በኖራ የተሰመረች መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሱልጣን፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህስ? አመመኝ ያልከው ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ተሸክመኸው ትዞራለህ? የጅዳ ሙቀት ትንሽ በረድ አለልህ? በወጉ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ሥራ ካየህ ምሳ የሚባል ነገር መኖሩንም ትረሳለህ? አብረውህ ያሉት ያገራችን ልጆች እንዴት ናቸው? ሁሉንም በየስማቸው እየጠራህ ሰላም በልልኝ። የኔ ናፍቆት እንደሆነ በወረቀት የሚያልቅ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጽፍልህ አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከላፍቶ ማሳዎች በኩል የሚመጣው ነፋስ ሣር ሣር ይሸታል። ሥራ ደህና ነው። ልጆቹ ትምህርት ገብተዋል። ይሄን ሁሉ የምደረድርልህ ዋናውን ነገር ለመናገር እግሬን እየጎተትኩ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ከጥያቄህ ልነሳ።

የምትሠራበት ካምፓኒ ለሠራተኞቹ በቅናሽ መኪና እንደሚሸጥ፣ መኪናዋ አንድ ሆና ደረጃዋ ግን አራት እንደሆነ ጽፈህልን ነበር። የመጀመሪያውን ደረጃ ከመረጥንልህ እጅህ ላይ ባለው ገዝተህ ዘንድሮ ይዘሃት ትገባለህ፤ ሁለተኛውን ካልን አንድ ዓመት ትጨምራለህ፤ ስፖርት የሚሉትን ሦስተኛውን ካልን ሁለት ዓመት ተኩል፤ ባለ ቆዳውን አራተኛውን ካልን ደግሞ የአራት ዓመት ውል ትፈርማለህ። የቀረጡንና የወረቀቱን ጉዳይ ጠይቄ ጨርሻለሁ፣ እናንተ ደረጃውን ብቻ ምረጡልኝ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብለሃል። ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል የጻፍካትን፣ እንደ ሰው ሆኜ ካልሆነ አልገባም የምትለዋንም መስመር አይቻታለሁ። መልሴን ወስኛለሁ። ግን መልሱን ብቻ ቆርጬ ብልክልህ ስለምትቀየመኝ፣ እንዴት እንደደረስኩበት ከመጀመሪያው ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

ካታሎጉን ያደረሱልን ሐጅ አድርገው የተመለሱት ሰውዬ ናቸው። ከላክልን ቴምር ጋር አብሮ ታስሮ ስለመጣ ገጾቹ ዳር ዳሩን ቴምር ቴምር ይላሉ። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው የገለጥኩት። ታውቀኛለህ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሰው መኪና ወንበር ስፈታና ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው መኪና ሲያይ ሞተሯን ወይ ጎማዋን ያያል፤ እኔ መቀመጫ የሚያርፍበትን አያለሁ። የማላውቀው ደንበኛ እንኳ ቢመጣ፣ ወንበሩን በእጄ ዳበስ አድርጌ ስንት ዓመት እንደተቀመጠበት፣ ክብደቱን፣ ሲናደድ በጥፍሩ የት ጋ እንደሚቧጥጥ እነግረዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ያን ካታሎግ ማስገባትህ ያንተ ጥፋት ነው።

አራቱም ሥዕል ላይ መኪናዋ የምትሄደው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በቀኝ ባሕር፣ በግራ የጥድ ዛፍ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር አስፋልት። ሰው የለም። ከብት የለም፣ አህያ የለም፣ ጋሪ የለም። ባለቤቴ ሙፊዳ አንድ ቀን ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አይታው፣ ይሄን ሁሉ ሰው ምን አድርገውት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን መንገዱን ወደድኩት። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀምጬ ካታሎጉን ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ፤ ፀሐይ ወደ ጀሞ ተራራ ስታዘቀዝቅ ወረቀቱ ላይ ወርቅ ዓይነት ብርሃን ይወድቅና መኪናዋ ትንሽ የተንቀሳቀሰች ይመስለኛል። ሙፊዳ ስትጠራኝ ሰምቼ ሳልሰማ እቀራለሁ። የት ነህ ትለኛለች። ባሕሩ ዳር ነኝ ብላት ትስቅብኛለች።

የመጀመሪያው ደረጃ ወንበሩ ጨርቅ ነው፤ ግራጫ፣ ጠንካራ ሽመና ያለው፣ ቶሎ የማይቆሽሽ። መስኮቱ በእጅ የሚዞር ነው፣ ቸርኬው ተራ ብረት ነው፣ የራዲዮው ቦታ ባዶውን ተከድኗል። ሁለተኛው ከፋይ የለበሰ ነው፤ ቴፕ አለው። ሦስተኛው ስፖርቱ ነው፤ መሪው ትንሽ ነው፣ ማርሹ አምስት ነው፣ ወንበሩ ግራና ቀኙ አብጦ የተቀመጠውን ሰው ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። አራተኛው ግን፣ ወንድሜ፣ አራተኛው ሌላ ነው። ወንበሩ የተቆላ ቡና የመሰለ ቆዳ ነው። ስፌቱ ድርብ ነው፣ ክሩ ከቆዳው ትንሽ ነጣ ያለ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፍ አንዲት ሽብሽብ የለችም። ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ እንጨት ነው። ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ ያሳያል። ያንን ማዕዘን እንዴት እንዳጠፉት ሳስብ ውዬ ሳስብ አመሻለሁ።

ነገሩ ሥራዬ ውስጥም ገባ። አንድ የእህል ጭነት መኪና ወንበር እያደስኩ ሳለ ሐሳቤ ባሕሩ ዳር ሄዶ፣ ስመለስ ለካ በዚያ ወፍራም ሸራ ላይ የአራተኛውን ደረጃ ድርብ ስፌት ሰፍቼበታለሁ። ሾፌሩ መጥቶ ቢያየው ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለሙሽራ አለኝ። ፍቼ ልስፋልህ ብለው እምቢ አለ፤ አሁን ወንበሩን ለጓደኞቹ እያሳየ ነው አሉ።

ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ መራጭ ሆነ። ሙፊዳ ሁለተኛውን አለች፤ ቆዳ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ከፋይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው አለች። ከኔ ሱቅ አጠገብ የሚሠራው ባትላሜራው ሂርጳ፣ ታስታውሰው እንደሆነ አንተ ስትሄድ ገና ሥራ የጀመረ ነበር፣ አሁን የተጨማደደ በር በመዶሻ አቅንቶ ፋብሪካ እንደሠራው የሚያደርግ ሰው ሆኗል፣ እሱ ስፖርቱን አለ። መኪና ቆማ እንኳ የምትሮጥ መምሰል አለባት ይላል። ጎረቤታችን እትዬ ተናኘወርቅ ደግሞ አራተኛውን መረጡ፤ ምክንያታቸው ጣሪያው ነው፤ ፀሐይ ለመሞቅ ከመኪና መውረድ ቀረ አሉ። እናታችን ካታሎጉን ተቀብላ ገጹን በመዳፏ ደባበሰችና ሁሉም ያምራሉ ብላ መለሰችልኝ። የትኛው ይሻላል ብላትም ሁሉም ያምራሉ። ለመምረጥ የሰነፈች መስሎኝ አለፍኩት።

ብዙ አላስረዝምብህ፣ ወደ ኖራው ጉዳይ ልግባ። ሙፊዳ ናት ያነሳችው። መኪናዋ ብትመጣ ግቢያችን ውስጥ ትቆማለች ወይ አለች። የግቢያችንን ጥበት ታውቀዋለህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ አልሰፋም፣ እንዲያውም እንሰቱ ስለተንሰራፋ ጠቧል። ካታሎጉ የመኪናዋን ቁመትና ስፋት ይናገራል፤ አራት ሜትር ከስልሳ፣ በአንድ ሜትር ከሰባ። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት ሂርጳ ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ለዐረፋ ቤቱን ከቀባንበት የተረፈ ኖራ ነበርና መኪናዋን በልኳ መሬት ላይ አሰመርናት። መጀመሪያ ዙሪያዋን ብቻ ነበር። ከዚያ በሮቿን ካላሳየን ምኑን አሰመርነው አልን። ከዚያ ኮፈኗን፣ ከዚያ የኋላ መብራቷን። ሂርጳ የስፖርቱን ክንፍ ከኋላ ቀጠለባት፤ ስጠርግ እሱ መልሶ ያሰምራል።

ወንበር ደግሞ ከኔ አይጠፋም። ሱቅ ውስጥ ለእድሳት ተፈትተው የመጡ ሁለት የፊት ወንበሮችና ከሌላ መኪና የመጣ አንድ የኋላ ወንበር ነበሩኝ። ተሸክመን አምጥተን በየቦታቸው አስቀመጥናቸው። አላህ ያሳይህ፣ በዚያ ጠዋት ፀሐይ መሬት ላይ ነጭ መስመር፣ መስመሩ ውስጥ እውነተኛ ወንበር። ልጆቼ በሩን ከፍተው ገቡ፤ በሩን አልኩህ፣ ኖራው ላይ በተተወው ክፍተት ማለቴ ነው፤ በመስመሩ ላይ የረገጠ ሰው አልነበረም። ሙፊዳ ከፊት በቀኝ በኩል ተቀመጠች። እኔና ሂርጳ ከኋላ ሆንን። የሾፌሩን ወንበር ማንም አልነካውም፤ ይቅር ብሎ የተናገረ ሳይኖር ሁላችንም ላንተ ተውነው።

ከዚያ ሄድን። ሳቅብን ከፈለግክ። ሂርጳ በአፉ ማርሽ እየቀየረ ዓለም ገናን አለፍን፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን፣ ጢያ ላይ ጤፉ በግራም በቀኝም ተኝቶ አየነው። ሙፊዳ ነፋሱ በዛ ብላ ሻሿን አጠበቀች፤ በአላህ ስም እምልልሃለሁ፣ እኔም ፊቴ ላይ ነፋስ ተሰማኝ። ቡታጅራን አልፈን ወደ አባታችን ቀዬ የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ሁላችንም ሳንነጋገር ወንበሩ ላይ ነጠር ነጠር አልን። ትንሿ ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት። ለስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደሄድን አላውቅም፤ ብቻ ሕይወቴ ላይ እንደዚያ ምቾት የተሰማኝ ቀን ጥቂት ነው። ካታሎጉ ላይ ያለው ባሕር ትዝም አላለኝ።

ያስቆመን ጓድ ላቀው ናቸው። ጓድ ላቀው በቀበሌያችን የቤትና የግንባታን ጉዳይ የሚከታተሉ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ደብተራቸውን ከያዙ ደግነታቸው ቤታቸው ይቀራል። ለካ በአጥር ቀዳዳ ያየ ሰው፣ እነ ኑሪ ግቢ ውስጥ በኖራ መሠረት እያሰመሩ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ገቡና መስመሩን በዓይናቸው ለኩት። ማን ፈቅዶላችሁ ነው ክፍል የምትቀጥሉት፣ መሬት የመንግሥት መሆኑን አታውቁም ወይ አሉ። ክፍል አይደለም፣ መኪና ነው አልኳቸው። ኑሪ፣ እኔን እንደ ሕፃን አታጫውተኝ አሉ። ሂርጳ ተነስቶ ይሄ ኮፈን ነው፣ ይሄ የዕቃ መጫኛ ነው እያለ አስጎበኛቸው። ቤት ከሆነ ለምን ከፊቱ ሾጠጥ ይላል ብሎም ተከራከራቸው። ጓድ ላቀው አንዳንድ ሰው ቤቱን ሾጣጣ አድርጎ ይሠራል አሉ።

በመጨረሻ ካታሎጉን ሰጠኋቸው። ቆመው ጀመሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡና አንድ በአንድ ገለጡ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ፣ ይሄ የቡርዧ መኪና ነው አሉ። እንደዚያ ብለው ግን ገጹን አላለፉትም። ትንሽ ቆይተው ጣሪያው ዝናብ አያስገባም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደብተራቸው ላይም በተባለው ግቢ ምንም ግንባታ አለመኖሩን፣ ያሉት የመኪና ወንበሮች ብቻ መሆናቸውን ጻፉና አስፈረሙኝ። ሳቃችንን እንደምንም ይዘን፣ ጓድ፣ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ በሉ፣ እናታችን ትቀመጥ አልናቸውና እናታችንን ጠራናት።

አሁን ነው ልቤ የሚከብደኝ። እናታችን ከቤት ወጣች። በየቀኑ እንደምትሄደው ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል መጣች። ኖራውን ተሻግራ ኮፈኑ ላይ ወጣች። ልጆቹ አያዬ ሞተር ላይ ወጣሽ ብለው ሳቁ፣ ጓድ ላቀውም ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ግን አልቆመችም፣ ወንበሩም ፊቷ እያለ አልዞረችም። ጉልበቷ የሾፌሩን ወንበር መታና በግንባሯ ተደፋችበት። የወደቀችው ላንተ የተውነው ወንበር ላይ ነው፣ ሱልጣን።

ዘልዬ ሳነሳት፣ ምን ሆናችሁ፣ እኔ ልንዳ ብዬ ነው አለች። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ወንበሩ ላይ በደንብ ተስተካክላ ተቀመጠችና እጇን ወደ ፊት ዘርግታ መሪ የያዘች መሰለች። እኔ ግን ከመሳቋ በፊት የነበረችውን ቅጽበት አይቻለሁ። በመዳፏ የወንበሩን ጠርዝ ስትዳስስ፣ ምን እንደመታት ለማወቅ ስትፈልግ አይቻታለሁ። ግቢውን በልቧ ታውቀዋለች። የእንሰቱን ቦታ፣ የውኃውን በርሜል፣ የበሩን ደፍ፣ ሁሉንም በእርምጃ ታውቀዋለች። የማታውቀው እኛ በዚያ ጠዋት ያስቀመጥነውን ወንበር ብቻ ነው።

በማግስቱ መርፌና ክር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድሮ ሱቅ ስትመጣ ክር የምታስገባልኝ እሷ እንደነበረች ታስታውሳለህ፤ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ክሩ ድሮ ቀረ፣ የዘንድሮ ክር ይበጣጠሳል እያለች ትታዋለች። እኔም አብሬያት ክሩን ረግሜያለሁ። አስገቢልኝ አልኳት። መርፌውን ተቀብላ ትንሽ ያዘችውና ኑሪ፣ ካወቅክ ለምን ትፈትነኛለህ አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። አንድ ዓመት ተኩል ሆኖኛል አለች። ማንንም አላስቸግር ብዬ ነው አለች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን በብርሃን አይቶ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ከውስጥ ያለውን ነርቭ ጎድቶታል፤ የግራው ካለፈ ቆይቷል አለኝ። የቀኙም ጠቧል፤ የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቷ በብርሃን ከቆምክ ፊትህን ታያለች፣ ጎንና ጎኑን ግን አታይም አለ። ጠብታ ሰጥቶናል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቃል ልገባላችሁ አልችልም ብሎ በግልጽ ነግሮኛል። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ለሱልጣን እንዳትጽፍለት፣ ልጄ በሰው አገር ሐሳብ ይገለዋል ብላ ለመነችኝ። እሺ አላልኳትም። እጇን ብቻ ጨበጥ አደረግኩት፤ እሷ ያንን እሺ ብላ ወስዳዋለች። ስለዚህ ይሄን ማወቅህን በምንም መንገድ እንዳታሳያት።

አሁን የምነግርህን ነገር ደግሞ ሙፊዳም አታውቀውም። ከኖራው እሑድ በፊት ላንተ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ በምራቅ አርጥቤ አሽጌው ነበር። አራተኛውን ግዛ ብዬህ ነበር። አራት ዓመት ምን አላት፣ ዘጠኙን እንዳሳለፍካት ታሳልፋታለህ ብዬህ ነበር። እናታችንም ደህና ናት፣ ትጠብቅሃለች ብዬ ጽፌበታለሁ። ያን ያልኩት ስለ አንተ አስቤ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ግን ልንገርህ፤ ያንን ቆዳ በእጄ ለመንካት ፈልጌ ነው። በሱቄ በር ላይ እንደዚያ ያለች መኪና ቆማ ሰው ይሄ የማን ነው ሲል፣ የወንድሜ ነው ለማለት ፈልጌ ነው። ያንተን አራት ዓመት ለአንድ ማዕዘን ስፌት ልሸጠው ነበር። ይቅር በለኝ። ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ግዛ። ግራጫውን ጨርቅ፣ በእጅ የሚዞረውን መስኮት፣ ተራውን ቸርኬ። ውል እንዳትፈርም። ሰው ይሳለቅብኛል ብለህ የምትፈራ ከሆነ እኔ ወንድምህ ምን ሥራ እንዳለኝ ረሳኸው ማለት ነው። አካሏ አንድ ነው፣ በኖራ አሰምሬ አይቼዋለሁ፤ አራቱም ደረጃ ያው አራት ሜትር ከስልሳ ነው። የቀረው የኔ ሥራ ነው። ወንበሯን ፈትቼ፣ ጎንና ጎኑን በስፖንጅ አሳብጬ ስፖርት አደርግልሃለሁ። ከዚህ ከኛው አገር የበሬ ቆዳ መርጬ፣ ያንን የቡና ቀለም አስነክሬ፣ በድርብ ስፌት እሰፋልሃለሁ፤ የማዕዘኑም ነገር ከስንት ሙከራ በኋላ ገብቶኛል፣ ቆዳውን ከመሳብ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ማለስለስ ነው። ሂርጳ እንጨቱን አሳምሮ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ ይላል፤ ክንፉን ግን ከላሜራ እኔ ራሴ ነኝ የማወጣው ብሎ ከወዲሁ እየተጣላኝ ነው። ጣሪያውን መክፈት አንችልም፤ እትዬ ተናኘወርቅ ፀሐያቸውን ከውጭ ይሙቁ። አራተኛውን ደረጃ ቀስ ብለን፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ እያወራኸኝ፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ እንሠራዋለን። የእናታችንን ቀኝ ዓይን ግን እኔ ልሰፋው አልችልም። እንደ ሰው ሆኜ ልግባ ያልከው ነገር ገብቶኛል፤ እሷ ግን ሰው መሆንህን ለማየት የቀራት ጊዜ አጭር ነው። የቀረጡ ወረቀት ከዘገየብህ መኪናዋ ኋላ ትምጣ፣ አንተ ቅደም።

ከዚህ በታች ሰላምታ ነው። ሙፊዳ ሰላም ትልሃለች፤ ከፋዩ በመቅረቱ አልከፋኝም፣ ብቻ ቆዳው ላይ ለክረምት የሚደረብ የበግ ለምድ ይዘጋጅ ብላለች። ትልቋ ልጄ ከፊት፣ ከአጎቴ አጠገብ ነው የምቀመጠው ብላ ቦታ ይዛለች፤ ትንሿ መልክህን በፎቶ ብቻ ስለምታውቀው ትልቅ ጢም አለው ወይ ብላ ትጠይቅሃለች። ሂርጳ እጅ ነስቷል፤ ቁመትና ስፋቱን እዚያ ሆነህ በሜትር አረጋግጥልን ብሏል። እትዬ ተናኘወርቅ በጸሎቴ አልረሳውም በለው ብለውኛል። ጓድ ላቀውም መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያቺ ግንባታ ምን ደረሰች ይሉኛል፤ ሰላምታ ከሆነ ይሄው ደርሶሃል።

እናታችን ደግሞ ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። የምጽፈውን አታነበውም። ደረጃውን የፈለገውን ይምረጥ፣ ቀለሙንም የፈለገውን፣ እኔ በዚያ አልገባም ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ይታዘዘኝ፣ ክላክሷ ጮክ ያለ ድምፅ ያላት ትሁን ትልሃለች። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንዴ፣ በራችን ላይ ሲቆም ሁለቴ ይንፋልኝ፣ ቶሎ ብሎ ሞተሩን እንዳያጠፋ፣ እኔ ራሴ ወጥቼ ነው በሩን የምከፍትለት ብላለች።

ወንድምህ ኑሪ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.